የሁለተኛ ዲግሪ ሳይንስ ትምህርት በዋግ ኽምራ

በኢትዮጵያ የሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ በመደበኛው መርሐ ግብር ባብዛኛው ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ መጀመሪያ ኮርስ፣ ቀጥሎ የመመረቂያ ጥናት። ከዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ከሰቆጣ ወደ ወልድያ፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የሚሄዱ መምህራንና የግብርና ባለሙያዎች ከትምህርቱ የደረጃ ዕድገትና የደመወዝ ጭማሪም ይጠብቃሉ። «ወረቀት ፈላጊ ናቸው» የሚል ትችት ይሰነዘርባቸዋል፤ ነገር ግን ዕድገት መፈለግና ዕውቀት መሻት አይጣሉም። ተማሪው ለዕውቀት መትጋቱን የሚያሳየው የጥናቱ ርዕስ ነው። ዝናብ አጠር በሆነው ዋግ የአበርገሌ ፍየል ዝርያ፣ የማሽላ ምርትና የተራቆተ አፈር መልስ የሚሹ ጥያቄዎችን ያስነሳሉ፤ ሰቆጣም የደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል አላት። «ርዕስን በአካባቢ መወሰን ሳይንሱን ያጠብበዋል» የሚሉ አሉ፤ ሆኖም የአፈር እርጥበት የሚለካባቸው ዘዴዎች በሌላ አካባቢም ያገለግላሉ። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ርዕሱን ከቀዬው እንዲመርጥ ሊያበረታቱት ይገባል።