ብርሃን በመስታወት ክር፦ የተጣጣፊው ኢንዶስኮፕ አጭር ታሪክ

የጨጓራን ውስጠኛ ገጽ በዓይን ማየት ለረጅም ዘመን የሐኪሞች ምኞት ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል እ.ኤ.አ. በ1868 ቀጥ ያለ ቱቦ ወደ ጨጓራ ያስገባው ሰይፍ በመዋጥ ትርኢት በሚተዳደር ሰው ላይ ነበር፤ ተራ ሕመምተኛ እንዲህ ያለውን ቱቦ በቀላሉ አይችለውምና። እ.ኤ.አ. በ1932 ሩዶልፍ ሺንድለር በከፊል የሚተጣጠፍ ጋስትሮስኮፕ አቀረበ። ይሁን እንጂ መሣሪያው በሌንሶች የሚሠራ ስለነበር ከተወሰነ መጠን በላይ ሲታጠፍ ምስሉ ይጠፋ ነበር። እንቅፋቱ የሰውነት ቧንቧ ጠማማ፣ የብርሃን ጉዞ ግን ቀጥተኛ መሆኑ ነው።

ብርሃንን ማጠፍ እንደሚቻል አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ዳንኤል ኮላዶን በጄኔቫ ብርሃን በሚወርድ የውኃ ፍሰት ውስጥ ታግዶ አብሮ እንደሚጎብጥ እ.ኤ.አ. በ1842 ጽፏል። ብርሃኑ ከውኃው ጠርዝ ጋር በጠባብ ማዕዘን ሲገናኝ ወደ አየር ከመውጣት ይልቅ ተንጸባርቆ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ቀጭን የመስታወት ክርም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

ይህን ለሕክምና ለመጠቀም የሞከረው በሙኒክ የሕክምና ተማሪ የነበረው ሃይንሪክ ላም ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ክሮችን በአንድነት አስሮ የአምፖል ሽቦ ምስል አሳለፈባቸው። ምስሉ ግን ደብዛዛ ነበር። አይሁዳዊ የነበረው ላም በናዚ አገዛዝ ምክንያት ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ሥራውም ቆመ።

የድብዛዜው አንዱ ምክንያት ክሮቹ እርቃናቸውን መሆናቸው ነበር። እርስ በርስ ሲነካኩ ወይም ሲጫጫሩ ብርሃኑ ያፈተልካል። እ.ኤ.አ. በ1954 ሃሮልድ ሆፕኪንስና ናሪንደር ካፓኒ ከለንደን፣ አብራሃም ቫን ሄል ደግሞ ከኔዘርላንድስ በአንድ የ«ኔቸር» እትም ስለ ክር ጥቅሎች ጻፉ፤ ቫን ሄል ክሩ ልባስ እንደሚያሻው አመለከተ። በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ላሪ ከርቲስ እ.ኤ.አ. በ1956 የመስታወት ዘንግ ብርሃን የመስበር ኃይሉ ዝቅ ባለ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከትቶ በአንድነት አቅልጦ ጎተተው። በዚህ ዘዴ የተሠራውን መሣሪያ ዶክተር ባሲል ሂርሾዊትዝ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1957 በመጀመሪያ ራሱ ዋጠው፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም በሕመምተኛ ላይ ተጠቀመበት።

ከዚያ በኋላ የዱዮዲነምን ቁስል በዓይን ማየትና ናሙና መውሰድ የተለመደ ሥራ ሆነ። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ1982 ሄሊኮባክተር ፓይሎሪን ያገኙት በኢንዶስኮፕ ከተወሰደ ናሙና ነው።

በጥቅሉ ውስጥ እያንዳንዱ ክር የምስሉን አንድ ነጥብ ብቻ ያሳያል። አንድ ክር ሲሰበር በምስሉ ላይ ጥቁር ነጥብ የሚታየው፣ የፋይበር መሣሪያም ያለ ልክ መታጠፍ የሌለበት በዚህ ምክንያት ነው። ምስሉ ጥርት እንዲል ክሮቹ እልፍ መሆን ስላለባቸው ጥቅሉን ማቅጠን አስቸጋሪ ነው። ቶማሽ ቺዥማርና ኪሻን ዶላኪያ እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ ክር ብቻ ምስል ማንሳት እንደሚቻል አሳዩ። በዘዴያቸው ብርሃኑ ወደ ክሩ ከመግባቱ በፊት በኮምፒውተር በሚታዘዝ ሰሌዳ ላይ ዲፍራክሽን በሚባለው የብርሃን ጠባይ ይቀረጻል፤ በጉዞው የሚደርስበት መዛባት አስቀድሞ ስለሚታሰብለት በሌላው ጫፍ በአንድ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። ሆኖም ክሩ ሲታጠፍ ስሌቱ ይፋለሳል። በመሆኑም ላምን ያስጨነቀው ጠማማ መንገድ ለዛሬዎቹም ተመራማሪዎች ዋና ፈተና ሆኖ ቀርቷል።