ስለ ትዳር መፍረስና ስለ ቤት ክፍያ፤ በመካነ ሰላምና በቦረና ደጋ

ሰው ሕግን ጠንቅቆ የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ከመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ ቤቱ ከደረሰበት ክርክር ነው። ባልና ሚስት ተስማምተው ሲኖሩ ጎተራው የማን ነው፥ ጎጆው የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ትዳሩ በፈረሰ ቀን ግን ለምሰሶውም ለማገሩም ባለቤት ይፈለግለታል። ስለዚህ የአንድ አገር የፍርድ ታሪክ ከነገሥታት ጦርነት ይልቅ በባልና በሚስት ሙግት ጎልቶ ይታያል።

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ስሟም የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ከአባይ ሸለቆ በላይ ያለው ይህ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፥ ከአምሐራ ሳይንት ጋራ የጥንቱ ቤተ አምሐራ ክፍል ነበረ። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ገበያ እየዋሉ ለጠብም ለዕርቅም በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሲቀመጡ ኖረዋል፤ ስለ ጋብቻ የሚዳኙበት ሕግ ግን የየራሳቸው ነበረ።

የክርስቲያኑ የተጻፈ ሕግ ፍትሐ ነገሥት ነው። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ አገር በዐረብኛ ተጠናቅሮ፥ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደ ግእዝ እንደ ተመለሰ ይተረካል። ከ51ዱ አንቀጾች 22ቱ ስለ መንፈሳዊ፥ 29ኙ ስለ ሥጋዊ ነገር የሚናገሩ ሲሆኑ፥ የጋብቻው ሕግ በ24ኛው አንቀጽ ይገኛል። ነገር ግን በቁርባን የሚጋቡት በአብዛኛው ካህናትና ዕድሜያቸው የገፋ ባለ ትዳሮች ነበሩ። የቀረው ሕዝብ በዋስና በነጋሪ ፊት፥ በንጉሥ ስም ተማምሎ፥ በሰማንያ ይጋባ ነበረ። የቁርባን ጋብቻ በቀላሉ አይፈታም፤ ሰማንያው ግን በሽማግሌ ፊት ይፈርስ ነበረ።

በሰማንያ የተጋቡ ሲለያዩ በትዳር ያፈሩትን ከብት፥ እህልና የቤት ዕቃ እኩል ይካፈላሉ። ርስት ግን የዘር ነውና ከክፍያው አይገባም፤ ሴትም የአባትና የእናቷን ርስት ትወርስ ስለ ነበረ በትዳር መፍረስ ርስቷን አታጣም። ጭንቁ በቤቱ ላይ ነበረ። ሚስት ብዙ ጊዜ ወደ ባሏ አገር ሄዳ የምትኖር በመሆኗ፥ ጎጆው የቆመው በባል ርስት ላይ ነው፤ እርሷም ግድግዳውን መርጋ፥ ምድጃውን ሠርታ፥ ልጆቿን ወልዳ ካሳደገችበት ቤት ድርሻዋን በጥጃና በቁና ተቀብላ ወደ ዘመዶቿ ትመለስ ነበረ። ክፍያው እኩል ነበረ ቢባልም፥ ከደጅ የምትወጣው አንዷ ብቻ ነበረች።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሕጉ ለተመለከተው ነገር ሁሉ የቀድሞውን ልማድ ሻረ፤ በጋብቻ ነገር ግን ሽማግሌን አልሻረም። ይልቁንም ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ሰጠ። ባልንም የቤተሰብ አለቃ አደረገው። እስላሙ በበኩሉ፥ በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ በታወቁት የናኢባና የቃዲ ፍርድ ቤቶች ይዳኝ ነበረ፤ ዛሬም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ሁለቱ ወገኖች ከፈቀዱ በሃይማኖት ሕግ መዳኘት ይቻላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ የርስት ክርክር ቆመ። የሚስት ስም ግን በባል ስም ተሸፍኖ ቆየ። በ1995 ዓ.ም. የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 ወጣ፤ በዚያው ዘመንም የባልና የሚስት ስም አብሮ የሚጻፍበት የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ጀመረ። ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ሆነ፤ ሽማግሌ የቀረለት የማስታረቅ ሥራ ነው። በትዳር ውስጥ የተሠራ ቤት የጋራ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ ሊሸጠው አይችልም። ቤቱ ለሁለት የማይከፈል ከሆነም ተሽጦ ዋጋውን ይካፈላሉ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የከበደው ግን የወንጀል ነገር ነው። ቀድሞ ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደ ሆነ ያገሩ ሰው በአውጫጭኝ ተሰብስቦ እስኪነገር ድረስ ይያዝ ነበረ፤ የታወቀ እንደ ሆነ ደግሞ በካሣና በዕርቅ የሚያልቀው ብዙ ነበረ። ዕርቅ የደም መመላለስን አስቀርቷልና የሚናቅ አይደለም። ጠለፋም እንዲሁ በሽማግሌ ዕርቅ ወደ ጋብቻ ይለወጥ ነበረ፤ የዕርቁ ዋጋ ግን በልጅቱ ሕይወት ይከፈል ነበረ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ ጠለፋን ወንጀል ነው ካለ በኋላ፥ የተጠለፈችው ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባች ክሱ ይቀራል ይል ነበረ። በዘመዶቿ መካከል ተቀምጣ እሺ የምትል ልጅ ፈቃዷ ምን ያህል ፈቃድ እንደ ነበረ ማንም አስተዋይ ይገምተዋል።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋ። ጠላፊ ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በኋላ ቢያገባትም ከቅጣት አይድንም። ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ማግባትና የትዳር ጓደኛን መደብደብም በስማቸው ተጠርተው የሚያስቀጡ ወንጀሎች ሆኑ።

እንግዲህ በቦረና ደጋ ሽምግልና አልጠፋም፥ ሊጠፋም አይገባውም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ፈጥኖ የሚደርሰው የሰፈር ሽማግሌና የንስሐ አባት ነው፤ ፍርድ ቤት የማያየውን እንባ እነርሱ ያዩታል። ነገር ግን ሽማግሌ ላምና በሬን ሊያካፍል፥ ቂምን ሊያበርድ ይችላል እንጂ የተሰበረን ክንድ ወይም የተጠለፈችን ልጅ በካሣ ሊያካፍል አይችልም። ይህን ድንበር ለይቶ፥ የዕርቁን ለዕርቅ፥ የዳኛውን ለዳኛ የሚተው ሽማግሌ የከተማይቱን ስም በእውነት ይጠብቃል።