የሚቆራረጥ መስመር

ፈጽሞ የተበጠሰ መስመር ለባለሙያው ብዙ ጭንቅ አይደለም፤ በተበጠሰበት ስፍራ ስለሚጠብቀው ገመዱን ተከትሎ ይደርስበታል። ልቡን ሲያደክመው የኖረውስ ሐኪም በደረሰ ሰዓት እንደሚተው ንዳድ አንዴ ጠፍቶ አንዴ የሚመለሰው ነው፤ የኮምፒዩተር ኔትወርክ ጥገና ታሪክም በእኔ አስተያየት በአብዛኛው ይህን ሸሺ ብልሽት እጅ ከፍንጅ ለመያዝ የተደረገ ድካም ታሪክ ነው።

በ1971 እ.ኤ.አ. በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በደሴቶቹ የተበተኑትን ተጠቃሚዎች ከማእከላዊው ኮምፒዩተር ጋር በራዲዮ ሞገድ አገናኝተው፣ ሁለት መልእክቶች በአየር ላይ ቢጋጩ ላኪዎቹ ጥቂት ታግሠው ደግመው እንዲልኩ ሥርዓት አበጁ። ሮበርት ሜትካፍ ደግሞ በ1973 በካሊፎርኒያ፣ በዜሮክስ የምርምር ማእከል ሳለ፣ ከዚያ ሥርዓት ተምሮና አሻሽሎ በገመድ ላይ ኢተርኔትን መሠረተ። ቀጥሎ የመጣው ቀጭን ገመድ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየተቀጣጠለ ይሄድና በሁለቱ ጫፎቹ የ50 ኦም መዝጊያ ይደረግበት ነበር፤ ምልክቱ በዚያ ካልተዋጠ ከክፍቱ ጫፍ ነጥሮ ተመልሶ ከሚመጣው ጋር ይጋጫልና፣ አንድ ጸሐፊ ጠረጴዛውን ሲገፋ መጋጠሚያውን ቢያላላ የፎቁ ሰው ሁሉ ሥራ ይፈታ ነበር።

በታኅሣሥ 1983 እ.ኤ.አ. በሜሪላንድ፣ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የባሊስቲክ ምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረ ማይክ ሙስ የተባለ ሊቅ፣ ኔትወርኩ ጠባዩ ቢለወጥበት፣ በአንድ ምሽት አንድ ሺህ መስመር የሚያህል ፕሮግራም ጻፈ። ይኸውም ፒንግ የተባለው ነው። አሠራሩ፣ ሰርጓጅ መርከብን በድምፅ ነጸብራቅ እንደሚፈልገው መሣሪያ፣ አጭር መልእክት ልኮ ከወዲያኛው ኮምፒዩተር የሚመለሰውን ምላሽ መጠባበቅና የፈጀውን ጊዜ መለካት ነው። (ይህን ያህል ስመ ጥር እንደሚሆን ቢያውቅ ኖሮ አንድ ሁለት ቀን ይጨምርበት እንደነበር ራሱ ጽፏል።)

ሙስ ስለ ፒንግ ከሰማቸው ወሬዎች ሁሉ የወደደው የአንድ ባለሙያ ብልሃት ነው። ይህ ሰው ኢተርኔቱ እየተቆራረጠ ቢያስቸግረው፣ ምላሽ በመጣ ቁጥር ኮምፒዩተሩ «ፒንግ» እያለ እንዲናገር አድርጎ ድምፁን በቢሮው ቴፕ እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ እርሱም በሕንጻው ውስጥ እየተዘዋወረ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ሲነቀንቅ፣ ከመካከላቸው አንዱን በነካ ጊዜ ጩኸቱ ጸጥ አለ፤ በሽታውም ተገኘ። ዐይን በአንድ ጊዜ በሁለት ስፍራ መሆን ስለማይቻለው ምስክርነቱን ለጆሮ አሳልፎ መስጠቱ፣ ከብዙ ውድ መሣሪያ የሚበልጥ ጥበብ ይመስለኛል።

በ1990 የጸደቀው የኢተርኔት ሥርዓት ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር የራሱን ገመድ ወደ አንድ ማእከል ስለዘረጋለት፣ የአንዱ ጥፋት ለጎረቤቱ መትረፉ ቀረ። ነገር ግን በ1997 የዋይፋይ ደንብ ሲወጣ መልእክቱ ወደ አየር ተመለሰ፤ የቀድሞው ግጭትም አብሮ ተመለሰ። ማይክሮዌቭ ምድጃ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሚሠራ ወጥ በሚሞቅበት ሰዓት ሲግናሉን ያውከዋል፤ የጎረቤት ራውተርም በዚያው ቻናል ይሻማል። የቤት ሰው ሁሉ የሚያውቀው ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት አንዳንድ ጊዜ ይፈውሳል፤ ነገር ግን የብልሽቱን ዱካ አብሮ ያጠፋልና እኔ አስቀድሜ አልመክረውም። ፒንግ እስከ ዛሬ በአብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች አለና፣ ሁለት ጊዜ አስነሥቶ አንዱን ወደ ቤቱ ራውተር፣ ሌላውን በውጭ ወዳለ አድራሻ እያስላኩ ጎን ለጎን መመልከት ይቻላል፤ ሁለቱም አብረው ከተቋረጡ ጥፋቱ ከቤት ሳይሆን አይቀርም፤ ከራውተሩ የሚመጣው ምላሽ ሳይጓደል የውጭው ብቻ ከቀረ ግን፣ ባለቤቱ ምድጃውን መውቀሱን ትቶ ለአገልግሎት ሰጪው ይደውላል።