ብዙዎቻችን የማናውቀው የሒጃዝ ባቡር ቅርንጫፍ



የሒጃዝ ባቡር ሲነሳ ሁላችንም የሚታወሰን ሑጃጆችን ከደማስቆ ወደ መዲና ያደርስ የነበረው መስመር ነው። እኛ ዛሬ የምናነሳው ግን ቅርንጫፉን፣ ከሐይፋ ወደብ እስከ ደርዓ 161 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀውን የገጠር መስመር ነው። ያለ እርሱ ዋናው ባይሠራ ኖሮ አይገርምም ነበር።

ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1900 ሥራውን ሲያስጀምሩ ከአውሮፓ ባንኮች ብድር ላለመውሰድ ወሰኑ። ከሕንድ እስከ ግብፅ ያለው ሙስሊም አዋጣ፤ የኡድሒያ ቆዳ ሳይቀር ተሸጦ ለባቡሩ ገቢ ሆነ። ችግሩ ሐዲዱ ከአውሮፓ በመርከብ የሚመጣ መሆኑ ነው። ከቤይሩት ወደብ ወደ ደማስቆ የሚወስደው መስመር ደግሞ የፈረንሳይ ኩባንያ ንብረት ሲሆን የጭነት ዋጋው አይቀመስም ነበር። ለአላህ ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ የኩባንያ ኪስ ሊገባ ነው! የራስ ወደብ ግድ ሆነ። አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ከሐይፋ ጀምሮ የተወውን ሥራ መንግሥት ገዝቶ ቀጠለ፤ በ1905 ደርዓ ደረሰ። መዲና የተገባው ከ3 ዓመት በኋላ ነው።

መንገዱ ከሐይፋ ተነስቶ የመርጅ ኢብን ዓሚርን የእርሻ ሜዳ ያቋርጣል። ዐፉላንና በይሳንን አልፎ የዮርዳኖስን ወንዝ ሲሻገር ከባህር ወለል በታች 246 ሜትር ላይ ይገኛል። ከጦበሪያ ሐይቅ ደቡብ፣ ከሰማኽ በኋላ የየርሙክ ሸለቆ ይጀምራል፤ አዎ፣ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) የዘመቱበት የርሙክ። ድልድይና ዋሻ እየተፈራረቁ ባቡሩ ይወጣል፣ ይወጣል፤ ደርዓ ሲደርስ ከባህር ወለል በላይ ከ500 ሜትር አልፏል። ሽቅብ ሐዲድ ጫነ፤ ቁልቁል የሐውራንን ስንዴ ወደ መርከብ አወረደ። ሐይፋም በዚህ አደገች።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶሪያ ለፈረንሳይ፣ ፍልስጤምና ትራንስጆርዳን ለእንግሊዝ ሲሰጡ አንዱ መስመር በድንበር ተቆራረጠ። ሙስሊሞች «ይህ ወቅፍ ነው፤ ለሙስሊሞች አስተዳደር ይመለስ» ብለው ቢጠይቁም መስመሩ በሁለቱ ኃያላን እጅ ቀረ። በሰኔ 1946 የአይሁድ ታጣቂዎች የየርሙክን ድልድይ በፈንጂ ሰበሩት፤ ከዚያ ወዲህ አልተጠገነም። በ2016 እስራኤል ከሐይፋ እስከ በይሳን አዲስ ሰፊ ሐዲድ ዘርግታለች። ወደ ደርዓ ግን አይሄድም፤ በይሳን ላይ ያበቃል።