በሥጋ ደዌ ሕክምና የሚከሰት የዳፕሶን ከባድ አለርጂ

የዳፕሶን ከባድ አለርጂ አንዳንድ የሥጋ ደዌ ታካሚዎች ዳፕሶን መዋጥ በጀመሩ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ገደማ የሚነሳባቸው፣ ከቆዳ አልፎ ጉበትንና ሌሎች የውስጥ አካላትን የሚጎዳ የሰውነት መቆጣት ነው። ከመቶ ታካሚ አንዱን ወይም ሁለቱን ያህል ይይዛል፤ ከተያዙት መካከል ግን ከ10 አንዱ ገደማ ሊሞት ይችላል።

መድኃኒቱ ለሥጋ ደዌ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሲሆን፣ ይህን ጠንቁን ናይጄሪያ ውስጥ የሚሠሩ ሐኪሞች በ1949 ጽፈውታል። ኢትዮጵያ ዳፕሶንን ከሪፋምፒሲንና ከክሎፋዚሚን ጋር አጣምሮ የመስጠቱን ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1983 ጀመረች። ዛሬም በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ አዳዲስ ሕሙማን ይገኛሉ። አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል ደግሞ ለከባድ ሕሙማን የአገሪቱ ዋና መድረሻ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ትኩሳት ነው። የሚያሳክክ ሽፍታ ይከተላል፣ ፊት ያብጣል፣ በአንገትና በብብት ንፍፊት ይወጣል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ሲከፋ ቆዳ ይላጣል፣ አፍና ዓይን ይቆስላሉ። ታካሚው በወር አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ መጥቶ የወሩን ዋና መጠን ባለሙያ ፊት ይውጣል፤ የቀረውን እሽግ ይዞ ቤቱ ይገባል። አደጋው የሚያይለው እንግዲህ ሁለተኛው እሽግ በተያዘበት ሰሞን፣ ባለሙያ በሌለበት ነው። ትኩሳቱን ወባ ወይም ታይፎይድ መስሎት፣ ወይም ሕመሙን ጎረቤት እንዳያውቅበት ሠግቶ፣ ክኒኑን እየዋጠ የሚቆይ ሰው ጉበቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ በተሰጠበት በመጀመሪያው ቀን «ትኩሳትና ሽፍታ ካየህ ክኒኑን አቁመህ በዚያው ቀን ና» ተብሎ ካልተነገረው፣ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ዘግይቶ የሚደርስ ነው።

አለርጂው በተጠረጠረ ጊዜ ዳፕሶን ወዲያው ይቆማል፤ ጉበት እስኪያገግም ሌሎቹ የሥጋ ደዌ መድኃኒቶችም ለጊዜው ይቆማሉ። ታካሚው ሆስፒታል ተኝቶ የጉበትና የደም ምርመራ ይደረግለታል፣ በአብዛኛው መቆጣቱን የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን በኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ግራም ያህል በየቀኑ ይሰጠዋል። ዳፕሶን በጉበትና በአንጀት መካከል እየተመላለሰ ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ፣ ፕሬድኒሶሎኑ ከአንድ ወር በላይ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ እንጂ በድንገት አይቋረጥም። ሳንባ ነቀርሳና የአንጀት ትላትል መኖራቸውም አስቀድሞ ይታያል፤ ፕሬድኒሶሎን ሁለቱንም ሊያባብስ ይችላልና።

የሚከብደው መለየቱ ነው። ሰውነት ከባክቴሪያው ጋር ሲታገል የሚመጣው፣ ሕሙማን «ሪአክሽን» የሚሉት የሥጋ ደዌ መቆጣትም ትኩሳትና የቆዳ እብጠት ያመጣል፤ በዚያ ጊዜ ግን የሥጋ ደዌ መድኃኒት መቆም የለበትም። በሪፋምፒሲን ሽንት መቅላቱ፣ በክሎፋዚሚን ቆዳ መጥቆሩም አለርጂ አይደለም። ሁለቱን አይቶ ሕክምናውን የሚተው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ አለርጂውን ሲነግሩት ይህንንም አብሮ መንገር ግድ ነው።

ቻይና ውስጥ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ለአለርጂው የሚያጋልጥ ዘረመል ለይቷል፤ እዚያ አስቀድሞ መርምሮ መከላከል ይቻላል። ይህ ዘረመል በአፍሪካውያን ዘንድ እምብዛም ስለማይገኝ፣ ምርመራው ለኢትዮጵያዊ ታካሚ ዋስትና አይሆንም። እዚህ ያለው መከላከያ የታካሚውና የነርሷ ንቃት ነው።

ካገገመ በኋላ ሕክምናው በሪፋምፒሲንና በክሎፋዚሚን ይቀጥላል። ክስተቱ የመድኃኒት ጠንቅ በሚመዘገብበት ቢጫ ቅጽ ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይላካል። ዳፕሶን ለዚያ ሰው ዳግመኛ፣ ለሙከራም ቢሆን፣ አይሰጥም። ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች ከኢንፌክሽን እንዲጠብቃቸው የሚሰጣቸው ኮትሪሞክሳዞል ሳይስማማቸው ሲቀር ዳፕሶን በምትኩ የሚታዘዝበት ጊዜ ስላለ፣ ክልከላው በሥጋ ደዌ ካርዱ ላይ ብቻ ሳይሆን ታካሚው በሚሄድበት ጤና ተቋም ሁሉ በሚያሳየው ወረቀት ላይ ይጻፋል።