ሬዲዮውን ያቆየው ማን ነው?

የድሬዳዋ ታሪክ ሲነሣ ሁለት ነገሮች ይቀድማሉ። አንዱ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የደረሰው ባቡር ነው፤ ሌላው በኤሌክትሮኒክስ ዕቃው ስሙ የወጣው፣ ታይዋን የሚባለው የከተማዋ ገበያ። ሁለቱም ዕቃው በየት እንደገባ ይነግሩናል። ከገባ በኋላ ለዓመታት ማን እንዳቆየው ግን አይነግሩንም። እንደ ቢዮ አዋሌ ላሉ የድሬዳዋ አስተዳደር ገጠሮች ሬዲዮ እንዲዘልቅ ያደረገው፣ ከነጋዴው እኩል ሬዲዮ ሠሪው ነው ብዬ አምናለሁ።

የቀድሞው ባለ አምፖል ሬዲዮ ኃይል በላተኛ ስለነበር መብራት በሌለበት አገር አይመችም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ለገበያ የቀረበው የትራንዚስተር ሬዲዮ በትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ሠራ። ርካሽ ያደረገው ደግሞ የመዳብ መስመር የታተመበት ቦርድ ነው፤ የጃፓን ፋብሪካ ወጣት ሴቶች ዕቃዎቹን በእጃቸው ይሰኩበት ነበር፣ ከዚያ ቀልጦ በሚጠብቀው ሊድ (የመበየጃ ብረት) የቦርዱ ጀርባ ባንድ ጊዜ ይበየድ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ሲጀምር አድማጩ በየገጠሩ ሊገኝ የሚችለው በዚህ ዓይነት ሬዲዮ ነበር።

ነገር ግን ያው ብየዳ የሬዲዮው ደካማ ጎንም ነው። በጭነት የተንገላታ ወይም ከእጅ የወደቀ ሬዲዮ፣ በድምፅ መቆጣጠሪያው ወይም በባትሪ መያዣው እግር ዙሪያ ፀጉር የምታህል የቀለበት ስንጥቅ ያወጣል፤ ሲመቱት ይናገራል፣ ሲተዉት ዝም ይላል። ጥሩ ሠሪ መጀመሪያ ዝገቱን ይፍቃል። ቀጥሎ እግሩንና በዙሪያው ያለውን የመዳብ ክብ አንድ ላይ ያሞቃል፣ ሊዱን የሚያስጠጋው ከዚያ በኋላ ነው። 63 እጅ ቆርቆሮና 37 እጅ እርሳስ ያለው ሊድ በ183 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል። እግሩ ሳይሞቅ የቀለጠ ሊድ ተድቦልቡሎ ይቀራል፤ የተያያዘ ይመስላል እንጂ አልተያያዘም።

«ጥገና እኮ ፈጠራ አይደለም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ቦርዱን የነደፈው ሌላ ነው። ሆኖም ያለ ንድፍ ወረቀት የተበላሸውን መገጣጠሚያ ለይቶ ማግኘት ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው፤ በፋብሪካ ብዛት ብቻ የሚለካ የኢንዱስትሪ ታሪክ ይህን ይዘነጋል። «ሞባይል መጥቶ ሙያውን ገደለው» የሚለው ክርክር የበለጠ ይከብዳል። ዛሬ ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ዕቃዎችን ማሽን ይደረድራል፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአብዛኞቹ አዳዲስ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች እርሳስን ስለከለከለ ብየዳውም የሚቀልጠው 217 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለውጡ ሠሪውን ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያና አጉሊ መነጽር አስይዞታል። የቻርጀር መሰኪያው የተነቀለ ስልክ ግን አሁንም የሚድነው በሠሪው ጠረጴዛ ላይ፣ በእጁ ነው።