ያሸነፈው ብረት የት ገባ? የቤንትሌይ “ኦልድ ነምበር ዋን” የውድድር ታሪክና የማንነት ክርክር

በአገራችን መኪና የሚገዛ ሰው ሊብሬውን ይዞ ኮፈኑን ያስከፍትና የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ያመሳክራል። ቁጥሮቹ ከገጠሙ መኪናው “ራሱ” ነው። ሐምሌ 1990 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የወሰነው ጉዳይ ግን በቁጥር ማመሳከር የሚያልቅ አልነበረም። ሚድልብሪጅ የተባለ ኩባንያ አንድ አሮጌ ቤንትሌይ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ለመግዛት ከተስማማ በኋላ፣ መኪናው የሌማንን ውድድር ሁለት ጊዜ ያሸነፈው “ኦልድ ነምበር ዋን” አይደለም ብሎ ውሉን ለመፈጸም እምቢ አለ። ሻጩም ከሰሰ። ዳኛው ጀስቲስ ኦተን ለመመለስ የተገደዱት ጥያቄ የአንድን መኪና የውድድር ታሪክ ከዳር እስከ ዳር የሚያስመረምር ሆነ።

መኪናው የሻንሲ ቁጥሩ ኤልቢ 2332፣ ታርጋው ኤምቲ 3464 የሆነ “ስፒድ ሲክስ” ነው። ለንደን ውስጥ ክሪክልዉድ በሚገኘው የቤንትሌይ ፋብሪካ ለ1929 የውድድር ዘመን ተዘጋጀ። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ 6.6 ሊትር ገደማ የሚይዝ ሲሆን በየሲሊንደሩ አራት አራት ቫልቭ አለው። ከባድ ነበር፤ በመጠምዘዣ ላይ ከቀላሎቹ የጣሊያንና የፈረንሳይ መኪኖች ቢያንስም ሌሊቱን ሙሉ ሳይሰበር መንዳት በሚጠይቅ ውድድር ላይ ጽናቱ ይክሰው ነበር።

የመጀመሪያ ውድድሩ ግን አላማረም። እንግሊዝ ውስጥ በብሩክላንድስ የውድድር ሜዳ የተካሄደው ውድድር 24 ሰዓት የሚፈጅ ቢሆንም የአካባቢው ነዋሪዎች በሞተር ጩኸት እንቅልፍ እንዳያጡ ለሁለት ቀን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት ተከፍሎ ነበር። በዚያ ውድድር ላይ ቤንትሌዩ የዲናሞ ብልሽት ገጥሞት ወጣ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ሰኔ 1929፣ ፈረንሳይ ውስጥ በሌማን ዉልፍ ባርናቶና ቲም በርኪን እየተፈራረቁ 174 ዙር ነዱት፤ አማካይ ፍጥነታቸው በሰዓት 118 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከኋላቸው ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ የገቡትም ቤንትሌዮች ናቸው። መኪናው ያን ቀን የለጠፈው 1 ቁጥር እስከ ዛሬ መጠሪያው ሆኖ ቀረ። በዚያው ወር ባርናቶና ጃክ ደንፊ በብሩክላንድስ የስድስት ሰዓቱን ውድድር አሸነፉበት። በጥቅምት ደግሞ የጃክ ወንድም ክላይቭ ደንፊ ከሳሚ ዴቪስ ጋር በ500 ማይሉ ውድድር ሁለተኛ ወጣበት።

የ1930ው ሌማን ከመጀመሪያው ይልቅ ለታሪክ ጸሐፊ የሚጥም ነው። ሩዶልፍ ካራቺዮላና ክርስቲያን ቬርነር ይዘውት የቀረቡት መርሰዲስ ኤስኤስኬ ሱፐርቻርጀር ስለነበረው ለአጭር ጊዜ ከቤንትሌዩ ይፈጥን ነበር። በርኪን በሌላ ቤንትሌይ ጎማው እየተቀደደ እንኳ አሳደደው፤ ቀጥሎ ባርናቶና ግሌን ኪድስተን በኦልድ ነምበር ዋን ጫናውን ሳያላሉ ሌሊቱን ተከተሉት። ጀርመናዊው መኪና ንጋትን ሳያይ ከውድድሩ ወጣ። ባርናቶና ኪድስተን በ179 ዙር አሸነፉ። አንድ መኪና የሌማንን ድል ሲደግም ያ የመጀመሪያው ነው። ኋላ ላይ በ1968 እና በ1969 አንድ ፎርድ ጂቲ40፣ በ1984 እና በ1985 ደግሞ አንድ ፖርሽ 956 ይህንኑ አድርገዋል።

እዚህ ላይ ከአፍሪካ ሆኖ ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ሳያነሳው ማለፍ የማይገባ ነገር አለ። የእንግሊዝ ኩራት ተደርጎ የሚተረከው ይህ ድል በአብዛኛው የተገዛው በኪምበርሊ አልማዝ ነው፤ ባርናቶ ከሳሪውን ቤንትሌይ ያቆመው አባቱ በደቡብ አፍሪካ ማዕድን ባካበተው ሀብት ነበር። ኪድስተን በ1931 ድራከንስበርግ ተራራ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በርኪን ደግሞ በ1933 ጣሊያን ትገዛው በነበረችው ትሪፖሊ ሲወዳደር ክንዱን የጭስ ማውጫ ቱቦ አቃጠለው፤ ከሳምንታት በኋላም ለንደን ላይ አረፈ። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት እነዚህን ነገሮች በየግለሰቡ የሕይወት ታሪክ በትነው ያልፏቸዋል።

ቤንትሌይ ከ1930ው ድል በኋላ ከውድድር ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመትም ከስሮ ለሮልስ ሮይስ ተሸጠ። መኪናው ግን አላረፈም። በ1931 ጃክ ደንፊና ሲሪል ፖል በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ አማካይ ፍጥነት የብሩክላንድስን 500 ማይል አሸነፉበት። ለ1932 ሻንሲው ተቀየረ፣ የ8 ሊትር ሞተርም ገባለት። መስከረም 24 ቀን 1932 በዚያው ውድድር ክላይቭ ደንፊ ከተጋደመው የመንገዱ ግንብ አናት በላይ ወጥቶ ሞተ። ባርናቶ የተረፈውን አሠርቶ የመንገድ መኪና አደረገው።

ኦተን ማስረጃውን ሰምተው የደረሱበት ድምዳሜ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት ነው። በ1929 ካሸነፈው መኪና፣ ዘመናቸውን መለየት ከማይቻል ጥቃቅን ዕቃዎች በቀር፣ ይህ ነው የሚባል ነገር አልተረፈም። ከ1930ው የቀሩት የፔዳሉ ዘንግ፣ የካምቢዮው ቤትና የመሪው ዘንግ ናቸው። ከ1932ቱ ግን አብዛኛው አለ፤ ሻንሲው፣ ባሌስትራው፣ የፊት አክስሉ፣ የኋላ ፍሬኑ፣ የ8 ሊትሩ ሞተር። ሆኖም መኪናው አንድም ጊዜ ጠፍቶ ወይም ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ አያውቅም፣ በስሙ የሚከራከር ሌላ ቤንትሌይም የለም፤ ስለዚህ ስሙ የሚገባው ለእሱ ነው አሉ። ገዢው ውሉን እንዲፈጽም ታዘዘ።

ፍርዱ እንደ ፍርድ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። በቁንዝላ ወደብ የሚታየው የደንገል ታንኳ ከወራት በኋላ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ባለቤቱ ይጥለውና አዲስ ይሠራል፤ የትናንቱና የዛሬው አንድ ናቸው ብሎ የሚሟገት የለም። ቤንትሌዩ እንዲህ በአንድ ጊዜ ተጥሎ አልተተካም። ዕቃ በዕቃ ሲለወጥ፣ በእያንዳንዱ ለውጥ ጊዜ የሚበዛው ወይም የሚሠራው ክፍሉ ከቀድሞው ጋር አብሮ ነበር። የዳኛው መከራከሪያ ጥንካሬው እዚህ ላይ ነው።

ለታሪክ አጥኚ ግን “ሌላ ተከራካሪ የለም” የሚለው በቂ አይደለም፤ ይህ በሁለት ወገኖች መካከል ለሚፈርድ ችሎት የሚበጅ መመዘኛ ነው። ከፍርዱ ዝርዝር ውስጥ ብዙ ያልተነገረለት ነገር ቢኖር የብረቱና የዝናው አለመገጣጠም ነው። 10 ሚሊዮን ፓውንድ የተቆረጠለት ለ1929 እና ለ1930 ድል ነው። ገዢው በእጁ የሚዳስሰው ግን በአብዛኛው ክላይቭ ደንፊ የሞተበትን መኪና ነው። ድሉ ብረቱን በልቶታል፤ ለቀጣዩ ውድድር ለመብቃት በየጊዜው የተሻለ ክፍል ማስገባት ግድ ነበርና። በውድድር ብዙ የደከመ መኪና ከመጀመሪያ አካሉ ትንሽ ቢተርፈው የሚጠበቅ ነው፤ አንድም ዕቃ ያልተለወጠለት “የውድድር መኪና” ሲገጥመኝ ይልቁን ያንን እጠራጠራለሁ።

ዝናን ከማይገባው ብረት ጋር ከማያያዝ ስህተት የሚያድነው መዝገብ ነው። ለምሳሌ ባርናቶ በመጋቢት 1930 ከደቡብ ፈረንሳይ ወደ ለንደን ከ“ብሉ ትሬይን” ባቡር ጋር ተሽቀዳድሞ በሌላ ስፒድ ሲክስ ቀድሞ ገብቷል። ለብዙ ዓመታት ሠዓሊዎች የሳሉት ጣራው ዝቅ ያለ፣ ገርኒ ነቲንግ የሠራውን ኩፔ ነበር። ሰነዶቹ ሲታዩ ኩፔው በዚያ ወር ገና ተሠርቶ አላለቀም፤ ባርናቶ የነዳው ማሊነር ቦዲውን የሠራለትን ባለ አራት በር መኪና ነው። ለኦልድ ነምበር ዋንም ቢሆን እያንዳንዱ ውጤት በዕለቱ ከነበረው ሻንሲ፣ ሞተርና ቦዲ ጋር ተያይዞ መጻፍ አለበት፤ የ1931ዱ ድል በ1932 ሻንሲ ላይ፣ የ1930ው ድልም በ8 ሊትሩ ሞተር ላይ ሊጻፍ አይገባም።